ተኛልን ብላችሁ አትዘናጉ!

* መተንፈሻ ማሽን የተነቀለለት ሕመምተኛ ቀሪ ፈተናው እንቅልፍ ነው
* «ሃያ ሁለት እስክቆጥር ድረስ አልተነፈሰም»

በእኛ አገር ሕመምተኛ ሲተኛ ቤተሰቡ ሁሉ ኮቴውን አጥፍቶ ይራመዳል። «እሰይ፣ ተኛልኝ!» ትላለች እናት። ጠያቂ ከመጣም በር ላይ ተቀብላ «ገና አሁን ነው ሸለብ ያደረገው፤ እንዳትቀሰቅሱት» ትላለች። ያንኮራፋ እንደሆነማ ደስታው እጥፍ ነው። ጥሩ እንቅልፍ ወስዶታል ማለት ነዋ!

መቼም ልማዱ ክፋት የለውም። እንቅልፍ መድኃኒት መሆኑን አያቶቻችንም ሐኪሞቻችንም ይስማሙበታል። ነገር ግን «ተኛልን» ብለን ፊታችንን ልናዞርበት የማይገባ ሕመምተኛ አለ። እሱም በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ብዙዎቻችን «አይሲዩ» በምንለው ቦታ፣ በማሽን ሲተነፍስ ሰንብቶ ቱቦው ከጉሮሮው ገና በቅርቡ የወጣለት ሰው ነው።

የዛሬው ወጋችን ስለዚህ ሰው ነው። ግን እሱ ዘንድ ብቻ የሚያቆም ጉዳይ አይደለም። ማታ ማታ እያንኮራፋ የክፍል ጓደኛውን ትራስ ይዞ ሳሎን የሚያስተኛውን ሁሉ ስለሚመለከት፣ «እኔ ጤነኛ ነኝ» የምትሉም እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ።

የእህታችን ደብዳቤ

ቀጥሎ ያለውን የጻፈችልን የ23 ዓመት ወጣት ናት። የእሷንም የሆስፒታሉንም ስም አንጠቅስም።

«ታላቅ ወንድሜ በከባድ የሳንባ ምች ታሞ አይሲዩ ገባ። ዘጠኝ ቀን በማሽን ተነፈሰ። በአሥረኛው ቀን ቱቦው ወጣለት። እማዬ ኮሪደሩ ላይ እልል ስትል ነርሶቹ እንኳ ዝም በይ ሳይሏት አብረዋት ሳቁ። ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ተራው የተኝቶ መታከሚያ ክፍል ወረደና እኔ አስታማሚ ሆኜ አጠገቡ ማደር ጀመርኩ።

«ጋሼ ድሮም ያንኮራፋል። ሰፈር ውስጥ ወፍጮ ቤት እያልን እንቀልድበት ነበር። የዚያን ለት ሌሊት ግን ሲያንኮራፋ ቆየና ድንገት ጭጭ አለ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው ሆዱ ይንቀሳቀሳል፤ እጄን አፍንጫው ሥር ሳደርግ ግን ትንፋሽ የለም። ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ ሁለት ስደርስ እንደታነቀ ሰው ተንፈራገጠ፣ አየሩን በኃይል ሳበና መልሶ ተኛ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። እስኪነጋ ዓይኔን አልከደንኩም።

«ጠዋት ስናገር አጎቴ ‹ዱካክ ነው› አለ። እማዬ ጸበል ይረጭ አለች። ጎን ያለው አልጋ ላይ ያሉት አስታማሚ ደግሞ ‹ልጄ፣ ተኝቶ እያየሽው ምን አስጨነቀሽ? ይተኛበት እንጂ› አሉኝ። እኔ ግን ለሲስተሯ ነገርኳት። በሚቀጥለው ሌሊት መጥታ ቆማ አየችው። አልጋውን ከራስጌው ቀና አደረገችና ዶክተሩን ጠራች። ማታ ማታ የሚሰጠውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ቀነሱለት፤ ለውጥ ነበረው።

«አሁን እቤት ገብቷል። ሌሊት ግን አልፎ አልፎ ያው ነው። እኔም አሁንም እቆጥራለሁ። ቤተሰቡ ‹አንቺ ልጅ፣ ጭንቀት ይዞሻል› እያሉ ይቆጡኛል። እውነት አበዛሁት ወይ?»

እህታችን፣ አላበዛሽውም። ያየሽው ነገር ስም አለው፤ ምክንያትም መፍትሔም አለው። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ማሽኑ ከየት መጣ?

በ2012 መጋቢት ወር ኮቪድ አገራችን መግባቱ ከተነገረ ወዲህ «ቬንቲሌተር» የሚለውን ቃል የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። የማሽኑ ታሪክ ግን ከዚያ በጣም ይርቃል።

በፈረንጆች አቆጣጠር 1952 የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ተመታች። ፖሊዮ እግር ብቻ የሚያሽመደምድ ይመስለናል፤ ሲከፋ መተንፈሻና መዋጫ ጡንቻዎችንም ያዝላል። ብሌግዳም በተባለው ሆስፒታል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት መተንፈስ ካቃታቸው 31 ሕመምተኞች 27ቱ አለቁ። ብዙዎቹ ሐኪሞች ቫይረሱ አንጎልን አጥቅቶ ነው የገደላቸው የሚል እምነት ነበራቸው።

ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም ግን ሌላ ነገር ታየው። ሕመምተኞቹ የሚሞቱት የተቃጠለውን አየር፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ከሰውነታቸው ማስወጣት ስላቃታቸው መሆኑን ተረዳ። በነሐሴ ወር አንዲት የ12 ዓመት ልጅ አንገቷ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ ገባላትና በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር ይነፋላት ጀመር። ልጅቱ ከሞት አፋፍ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ 1,500 ያህል ተማሪዎች ተጠርተው፣ ቀንና ሌሊት በፈረቃ በየአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ከረጢት ጨመቁ። የሟቹ ቁጥር በብዙ ቀነሰ። ኢብሰን በተከታዩ ዓመት በ1953 የከፈተው ክፍል ከመጀመሪያዎቹ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

ይህን ታሪክ ያነሳነው ለጨዋታ ማዳመቂያ አይደለም። አንድ ቁም ነገር ስላለው ነው፤ ኦክስጂን ማስገባትና የተቃጠለውን አየር ማስወጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዱ ተሟላ ማለት ሌላው ተሟላ ማለት አይደለም። ይቺን ነጥብ ያዙልን፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ፈተናው ቀን፣ ጉዳዩ ሌሊት

ሐኪሞች ቱቦውን ዝም ብለው አይነቅሉትም። በመጀመሪያ የሰመመን መድኃኒቱ ይቀነሳል። ሕመምተኛው ይነቃል፤ «እጄን ጨብጥ» ሲባል ይጨብጣል። ከዚያ የማሽኑ እገዛ ወደ ታች ይወርድና ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ያህል በራሱ ጉልበት እንዲተነፍስ ይተዋል። አተነፋፈሱ ካልተጣደፈ፣ ልቡ በጣም ካልመታ፣ ካላላበውና ካልተጨነቀ ፈተናውን አለፈ ይባላል። ቱቦው ይወጣል።

ያም ሆኖ ፈተናውን ካለፉት ከ10 ሰዎች አንዱ ወይም ሁለቱ በቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ ቱቦው ተመልሶ ሊገባላቸው ይችላል። እንዲህ የሚሆነው በብዙ ምክንያት ነው። ልብ የደከመ አለ፤ አክታ ማውጣት ያቃተው አለ፤ ጉሮሮው ያበጠ አለ። ከነዚህ ምክንያቶች ጋር ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር አለ።

ፈተናው የተሰጠው ሰውየው ነቅቶ ነው! ሐኪሙ አጠገቡ ቆሞ፣ ነርሷ «በርታ፣ ተንፍስ» እያለችው፣ ራሱ ቀና ብሎ። ታዲያ ይህ ሰው ማታ ማንም «በርታ» ሳይለው ይተኛል። ነቅቶ ያለፈውን ፈተና ተኝቶ ያልፈዋል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

እንቅልፍ ሲመጣ ምን ይለወጣል?

ለማንም ጤነኛ ሰው እንኳ እንቅልፍ ሲመጣ አተነፋፈስ ይለወጣል። ነቅተን ሳለ ንቃታችን ራሱ «ተንፍስ፣ ተንፍስ» እያለ ይገፋናል። ስንተኛ ይህ ግፊት ይጠፋል። አንጎል የተቃጠለ አየር ሲጠራቀም የሚሰማው ማንቂያም ደወሉ ዝግ ይላል። የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ ምላስ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መተላለፊያው ይጠባል። ጤነኛው ሰው ይህን ሁሉ ችሎት ያድራል። ከማሽን የወጣው ሰው ግን ብዙ ዕዳ ተሸክሞ ነው እንቅልፍ ውስጥ የሚገባው።

አንደኛ፣ ጉሮሮው ቆስሏል። ለቀናት በአፉ አልፎ በድምፅ አውታሮቹ መሀል የከረመው ቱቦ አካባቢውን ያሳብጠዋል። ብዙዎቹ ቱቦው ሲወጣ ድምፃቸው የሚሻክረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ጡንቻው ሟሙቷል። ሳንባንና ሆድን የሚለየው ድያፍራም የተባለው ጡንቻ ዋናው የመተንፈሻ ሠራተኛ ነው። ማሽኑ ሥራውን ሲረከበው ድያፍራሙ ሥራ ይፈታል። በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ18 እስከ 69 ሰዓት ብቻ ሙሉ በሙሉ በማሽን የተነፈሱ ሰዎችን ድያፍራም መርምሮ፣ የጡንቻው ክሮች ውፍረት ከግማሽ በላይ ቀንሶ አግኝቷል። ሦስት ቀን እንኳ ያልሞላ ጊዜ እንዲህ ካደረገ ዘጠኝ ቀን ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት ነው።

ሦስተኛ፣ ሕልም አለ። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል የአብዛኛውን የሰውነት ጡንቻ ገመድ ይፈታል። ይህ ባይሆን ኖሮ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ እንወድቅ ነበር። በዚያ ሰዓት አተነፋፈሱ ከሞላ ጎደል ድያፍራም ላይ ብቻ ይወድቃል። ድያፍራሙ የደከመ ሰው እንግዲህ በሕልሙ ሰዓት ረዳት የለውም ማለት ነው። አይሲዩ ውስጥ ደግሞ ሕልም የሚያሳይ እንቅልፍ ብዙም አይገኝም። መብራቱ፣ የማሽኑ ጩኸት፣ በየሰዓቱ መርፌው እረፍት ይነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የሕመምተኛ ክፍል ድምፅ ሌሊት ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ሲመክር፣ አይሲዩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ50 ያልፋል። ሰውየው ጸጥ ወዳለ ክፍል ሲዛወር አንጎሉ የቀረበትን ሕልም ሊያካክስ ይሞክራል። ችግሩም ያኔ ይብሳል።

አራተኛ፣ መድኃኒት አለ። ሞርፊንና የሱ ዘመዶች የሆኑ ጠንካራ ማስታገሻዎች፣ እንዲሁም የእንቅልፍ ክኒኖች፣ የአንጎልን «ተንፍስ» የሚል ትእዛዝ ያቀዘቅዛሉ። ሕመም ይታገስ አንልም። ሕመሙም ራሱ በደንብ እንዳይተነፍስ ያደርገዋል። መጠኑና ሰዓቱ ግን በሐኪም ዓይን መታየት አለበት።

አምስተኛ፣ ከድሮው የመጣ ነገር አለ። «ወፍጮ ቤት» እየተባለ ሲቀለድበት የኖረ ሰው ምናልባት ከመታመሙም በፊት ሌሊት ትንፋሹ ይቋረጥ ነበር፤ ማንም አላስተዋለም እንጂ። ይህ የእንቅልፍ አፕኒያ ይባላል። ማንኮራፋት ማለት አየር በጠበበ መንገድ ሲያልፍ ጉሮሮና እንጥልን እያርገበገበ የሚያሰማው ድምፅ ነው። መንገዱ ጭራሹን ሲዘጋ ድምፁም ይጠፋል። ለአሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ከተዘጋ አፕኒያ ይባላል። በሰዓት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ሲሆን በሽታ ነው፤ ከሠላሳ በላይ ሲሆን ከባድ ደረጃ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

እህታችን፣ «መጀመሪያ ደስ አለኝ» ያልሽው ዝምታ እንግዲህ ያ ነው። ማንኮራፋት ሲያቆም እፎይ የሚባለው ትንፋሹ ሲሰማ ብቻ ነው።

«97 ከመቶ ነው» ሲባል

ኮቪድ ያስተማረን አንድ ነገር ጣት ላይ የምትሰካዋን የኦክስጂን መለኪያ ነው። 97 ካሳየች ቤተሰብ ሁሉ ይረጋጋል። እዚህ ላይ ነው የኮፐንሃገኑ ትምህርት የሚያስፈልገን።

ያቺ መሣሪያ የምትለካው ኦክስጂንን ብቻ ነው። የተቃጠለውን አየር አትለካም። አፍንጫው ላይ ኦክስጂን የተደረገለት ሰው አተነፋፈሱ ቢደክምም ቁጥሩ አምሮበት ሊያድር ይችላል። ውስጥ ውስጡን ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል። ሰውየው ጠዋት ራሱን ያመዋል፤ ያልበዋል፤ ቀኑን ሙሉ ይደብተዋል፤ ይቃዣል፤ እጁን ሲዘረጋ ይርገበገባል። ሲብስ ቢጠሩት የማይነቃ እንቅልፍ ውስጥ ይገባል። ቤተሰብ ደግሞ «ደክሞት ነው፣ ይተኛበት» ይላል። ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው ሐኪም የሚያዝዘው የደም ጋዝ ምርመራ ነው።

ስለዚህ አስታማሚ በራሷ ፈቃድ የኦክስጂኑን ቁልፍ መጨመርም መቀነስም የለባትም። ነርሷን መጥራት ነው።

ዱካክ ነው ወይስ አፕኒያ?

አጎት የተናገሩትን ዝም ብለን አናልፈውም። ዱካክ የሚባለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሰውየው ነቅቷል፤ ግን እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ የሆነ ነገር ደረቱ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። አስፈሪ ቢሆንም ከላይ ያነሳነው የሕልም ሰዓት መፍዘዝ ሳይለቅ ሰው ሲነቃ የሚፈጠር ነገር ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል።

መለያው ቀላል ነው። ዱካክን የሚተርከው ባለቤቱ ነው፤ «ሌሊት እንዲህ ያዘኝ» ይላል። አፕኒያን የሚተርከው ሌላ ሰው ነው። ባለቤቱ ሌሊቱን መቶ ጊዜ ታንቆ ቢያድር እንኳ ጠዋት «ደህና ተኛሁ» ሊላችሁ ይችላል። የአስታማሚ ዓይን ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ጸበሉን ማንም አይከለክልም፤ ሐኪሙም ይወቀው ነው የምንለው።

በቫኩም ክሊነር ሞተር የተጀመረ ፈውስ

አፕኒያ ድሮ የነበረው አስተማማኝ ሕክምና አንገትን ቀዶ ቱቦ ማስገባት ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. ግን ኮሊን ሱሊቫን የተባለ የሲድኒ ሐኪም እንደ ቫኩም ክሊነር ያለ ሞተር አገላብጦ፣ እንዲስብ ሳይሆን እንዲነፋ አደረገውና በአፍንጫ ጭምብል በኩል አየር ላከ። የአየሩ ግፊት ልክ እንደ ምሰሶ ሆኖ ጉሮሮውን ከፍቶ ያዘው። በአምስት ሕመምተኞች ላይ የታየው ውጤት ታተመ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ «ሲፓፕ» ተብሎ የሚታወቀው መሣሪያ ከዚያ መጣ።

አይሲዩ ውስጥም ይህንኑ የመሰለ ጭምብል ይሠራል። በተለይ ክብደታቸው ለበዛ፣ የቆየ የሳንባ ሕመም ላለባቸውና የተቃጠለው አየር ለሚጠራቀምባቸው ሰዎች ቱቦው እንደወጣ ወዲያው በጭምብል ማገዝ ቱቦው ተመልሶ እንዳይገባ ይረዳል። ሌላው ደግሞ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። አልጋውን ከራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ማድረግ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ በጎን ማስተኛት፣ ሌሊት መብራት መቀነስ፣ የጆሮ መድፈኛና የዓይን መሸፈኛ መስጠት። ጀርባ ላይ ለጥ ብሎ መተኛት ምላስን ወደ ኋላ ይጥላል፤ እግር ላይ የተጠራቀመ ፈሳሽም ወደ አንገት ይወጣል።

አስታማሚ ምን ታድርግ?

* ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ተናገሩ። «ከመታመሙ በፊት ያንኮራፋ ነበር፤ ትንፋሹም ይቋረጥ ነበር» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ሕክምናውን ልትለውጥ ትችላለች።

* ተኝቶ ሳለ ሆዱንና አፍንጫውን አብራችሁ እዩ። ሆዱ እየታገለ አየር ከሌለ መንገዱ ተዘግቷል። ሆዱም ደረቱም ዝም ካሉ ደግሞ አንጎሉ ትእዛዝ አልሰጠም ማለት ነው፤ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ለነርሷ ይነገራሉ።

* በስልካችሁ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ቅረጹት። «ጭጭ ይላል» ብሎ ከመናገር ቪዲዮውን ማሳየት ይሻላል። ሌላ ሕመምተኛ ግን አትቅረጹ።

* ትንፋሹ ሲቋረጥ ትከሻውን ነካ አድርጋችሁ በስሙ ጥሩት፤ ከተቻለ ወደ ጎን አዙሩት። መቀስቀስ ነውር አይደለም።

* አጥሚት ይዞ የመጣ ዘመድ ሁሉ ይመስገን። ነገር ግን ቱቦ ከወጣ በኋላ መዋጥ ለጥቂት ቀናት ሊያስቸግር ይችላል። ትን ብሎት ሳንባው ውስጥ ቢገባ ሌላ ምች ነው። ነርሷን ሳትጠይቁ ጉርሻ አይሰጥም።

* ወዲያው ጩኹ የሚያሰኙ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ አየር ሲስብ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ማሰማት፣ የከንፈርና የምላስ መጥቆር ወይም መሰማየት፣ ቢጠሩት አለመንቃት፣ በደቂቃ ከስምንት ጊዜ በታች መተንፈስ።

እቤት ከገባ በኋላስ?

ከአይሲዩ የወጡ ብዙ ሰዎች ለወራት እንቅልፍ ይቸገራሉ። አንዳንዱ ይቃዣል፤ አንዳንዱ የማሽኑ ድምፅ ይሰማዋል። የአተነፋፈሱ ነገር ግን ሁለት መንገድ አለው። ችግሩ ከእብጠት፣ ከመድኃኒትና ከጡንቻ ድካም የመጣ ከሆነ፣ ሰውየው እየበላና እየተራመደ ሲመጣ ይሻለዋል። ከሕመሙ በፊት የነበረ ከሆነ ግን አብሮት ይኖራል። ስለዚህ እህታችን፣ ወንድምሽ ካገገመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ካልተወው የሳንባ ወይም የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ውሰጂውና ስለ እንቅልፍ ምርመራ ጠይቁ። ምርመራው በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም፤ የቀረጽሽው ቪዲዮና የቆጠርሽው ቁጥር ግን ሐኪሙን መንገድ ያስይዙታል። እስከዚያ በጎኑ ይተኛ። የድሮ ዘዴም አለች፤ ከካናቴራው ጀርባ ላይ ኪስ ሰፍቶ ትንሽ ኳስ መክተት። በጀርባው ሲዞር ኳሷ ትቆረቁረውና ይመለሳል።

ራሳችሁን ፈትኑ

ቀጥሎ ያሉት ስምንት ጥያቄዎች ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚጠቀሙባቸው ናቸው። ለእያንዳንዱ «አዎ» አንድ ነጥብ ስጡ።

1. ድምፃችሁ በተዘጋ በር እስኪሰማ ድረስ ታንኮራፋላችሁ?
2. ቀን ቀን ድካምና እንቅልፍ ይጫጫናችኋል?
3. ተኝታችሁ ትንፋሻችሁ ሲቋረጥ ያያችሁ ሰው አለ?
4. የደም ግፊት አለባችሁ?
5. ክብደታችሁ ለቁመታችሁ በጣም በዝቷል? ለምሳሌ 1 ሜትር ከ70 ለሆነ ሰው ከ101 ኪሎ በላይ ማለት ነው።
6. ዕድሜያችሁ ከ50 በላይ ነው?
7. የአንገታችሁ ዙሪያ ከ40 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል?
8. ወንድ ናችሁ?

እስከ ሁለት ከሆነ ሥጋቱ ዝቅተኛ ነው። ሦስትና አራት መካከለኛ ነው። አምስትና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ሐኪም ማማከር አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለማንኛውም ቀዶ ሕክምና ስትገቡ ማንኮራፋታችሁን ለሰመመን ሐኪሙ ንገሩት። ለትርፍ አንጀት ይሁን ለወሊድ፣ ለሱ ቀልድ አይደለም።

ጨብሲና ክኒን

ለወጣት አንባብያን ይቺን ሳንል አንለያይም። ቀን ጫት ቅሞ ማታ ምርቃናውን በቢራ ወይም በአረቄ «መስበር» የተለመደ ሆኗል። መጠጥ እንቅልፍ ያመጣል፤ እውነት ነው። የሚያመጣው ግን የጉሮሮን ጡንቻ አዝሎ ነው። ያልነበረ ማንኮራፋት ይፈጥራል፤ የነበረውን አፕኒያ ያብሰዋል። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎ ከፋርማሲ ክኒን ገዝቶ በላዩ ላይ መጨመር ደግሞ ሁለት የሚያዝሉ ነገሮችን በአንድ ሌሊት ማገናኘት ነው። ከአይሲዩ ወጥቶ ያገገመ ሰው ቤት ሲገባ «እንኳን ደስ ያለህ» ተብሎ ብርጭቆ የሚያዝለት ከሆነ፣ ወዳጅ የሆነ ሰው ብርጭቆዋን ያንሳለት።

ሕመምተኛ ያለባችሁ ዛሬ ማታ አንድ ሰው ተራ ይዞ ይቀመጥ። መብራቱ ይቀነስ፣ ወሬው ይቁም፣ ሕመምተኛው ይተኛ። የተቀመጠው ሰው ግን አልፎ አልፎ ትንፋሹን ያድምጥ፤ ያልገባው ነገር ካለም ነርሷን ለመጥራት አይፈር። ቸር ይግጠመን።